ካናዳና ኒውዚላንድ፦ ወዳጅ አገሮች በቅቤ ኮታ ለምን ተካሰሱ?

ካናዳና ኒውዚላንድ ተጣሉ ሲባል መስማት የተለመደ አይደለም። ሁለቱም በምርጫ የሚተዳደሩ አገሮች ናቸው፤ ንጉሥ ቻርልስ ሦስተኛ የሁለቱም ርእሰ ብሔር ነው፤ ሁለቱም የኮመንዌልዝ አባላት ሲሆኑ ከአሜሪካ፣ ከብሪታንያና ከአውስትራሊያ ጋር የስለላ መረጃ በሚለዋወጡበት «አምስቱ ዓይኖች» በሚባለው ስብስብ ውስጥም አብረው ተቀምጠዋል። ከቫንኩቨር እስከ ኦክላንድ ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚራራቁ የሚጋጩበት ድንበር፣ የሚሻሙበት ወንዝ የላቸውም። ያም ሆኖ ኒውዚላንድ በ2022 ካናዳን በቅቤ፣ በአይብና በዱቄት ወተት ምክንያት ከሰሰቻት፤ ነገሩ ሦስት ዓመት ከፈጀ በኋላ በጁላይ 2025 በስምምነት ተዘጋ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው ይህን ዓይነት ዜና ሲሰማ ወይ «ወዳጅነታቸው ተበላሸ» ወይ «የማይረባ የቅቤ ጠብ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም አያስኬዱም። ጉዳዩ በሩቅ ወዳጆች መካከል ንግድ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ፣ የተፈረመ ውል በአፈጻጸም ላይ እንዴት ባዶ ሊሆን እንደሚችልና ያኔ ምን እንደሚደረግ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ሁለቱን አገሮች የሚያገናኛቸው ምንድን ነው?

መደበኛው የዲፕሎማሲ ግንኙነት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት የተጀመረ ነው። በኦታዋና በዌሊንግተን የሚቀመጡት መልእክተኞች አምባሳደር አይባሉም፤ በኮመንዌልዝ አገሮች ልማድ ከፍተኛ ኮሚሽነር ይባላሉ፤ ሥራው ግን ያው ነው። በዓለም አቀፍ መድረክ ሁለቱ አገሮች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ይገኛሉ። ካናዳ በ2018 የዓለም ንግድ ድርጅትን ለማሻሻል የኦታዋ ቡድን የሚባለውን ስብስብ ስትጠራ ኒውዚላንድ ከተጠሩት አንዷ ነበረች። የድርጅቱ የይግባኝ አካል አዲስ ዳኞች ሳይሾሙለት ቀርቶ በዲሴምበር 2019 ሥራው ሲቆም፣ በቦታው ጊዜያዊ የይግባኝ ሥርዓት ካቋቋሙት አገሮች መካከልም ሁለቱ ነበሩ። «የንግድ ክርክር በሕግ ይዳኝ» በሚለው አቋማቸው ልዩነት የለባቸውም ማለት ነው። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን አንባቢ ይያዝልን።

በንግድ በኩል ግን ለረጅም ጊዜ በመካከላቸው ሰፋ ያለ የነፃ ንግድ ውል አልነበረም። ያገናኛቸው የትራንስ ፓስፊክ አጋርነት ስምምነት ነው። አሜሪካ በጃንዋሪ 2017 ከዚህ ስምምነት ስትወጣ የቀሩት 11 አገሮች ጽሑፉን አሻሽለው ማርች 8 ቀን 2018 በቺሊ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ ፈረሙት፤ ካናዳና ኒውዚላንድን ጨምሮ መጀመሪያ ላጸደቁት አገሮች በዲሴምበር 30 ቀን 2018 ሥራ ላይ ዋለ። በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ሲፒቲፒፒ የሚባለው ይኸው ስምምነት ነው። ሰነዶቹን በአደራ የምትይዘውም ኒውዚላንድ ናት።

ነገሩ ወተት ላይ ለምን ደረሰ?

ሁለቱ አገሮች በብዙ ነገር ቢመሳሰሉም በወተት ጉዳይ ፍጹም ተቃራኒ መንገድ ነው የሄዱት። ክሱን ለመረዳት ሁለቱንም መንገዶች ማየት ግድ ይላል።

ኒውዚላንድ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቅቤዋንና አይቧን በዋናነት የምትሸጠው ለብሪታንያ ነበር። ብሪታንያ በ1973 የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብን ስትቀላቀል ያ አስተማማኝ ገበያ መጥበብ ጀመረ። መንግሥት መጀመሪያ ገበሬውን በድጎማ ለማቆም ሞከረ፤ ወጪው ግን ሊቻል አልቻለም። በ1984 ሥልጣን የያዘው የዴቪድ ላንጊ መንግሥት በገንዘብ ሚኒስትሩ በሮጀር ዳግላስ መሪነት የእርሻ ድጎማውን በአብዛኛው አነሣው። የተረፉት ገበሬዎች በዓለም ዋጋ መወዳደር ግዴታ ሆነባቸው። ዛሬ አገሪቱ ከምታመርተው የወተት ተዋጽኦ 95 በመቶ ያህሉ ወደ ውጭ ይሸጣል፤ በ2001 የተመሠረተውና የገበሬዎቹ የራሳቸው ንብረት የሆነው ፎንቴራ የተባለ የኅብረት ሥራ ኩባንያም ከዓለም ታላላቅ የወተት ላኪዎች አንዱ ነው። አምስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ላለው አገር የሌሎች አገሮች ቀረጥ የህልውና ጥያቄ ይሆናል።

ካናዳ የመረጠችው ሌላውን መንገድ ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻና ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የወተት፣ የዶሮና የእንቁላል ገበያዋን «የአቅርቦት ቁጥጥር» በሚባል ሥርዓት ታስተዳድራለች። ሥርዓቱ በሦስት እግር ይቆማል፦ ገበሬው የሚያመርተው መጠን ይወሰንለታል፤ የሚሸጥበት ዋጋ ወጪውን እንዲሸፍን ሆኖ ይተመናል፤ ከውጭ የሚገባው ምርት ደግሞ ይታገዳል ወይም ይመጠናል። አንዱ እግር ከተነቀለ ሌሎቹም አይቆሙም። ርካሽ ቅቤ ከውጭ እንደ ልብ ከገባ በአገር ውስጥ ዋጋ መተመንም ሆነ ምርት መገደብ ትርጉም አይኖረውም።

ይህ ሥርዓት ለምን በቀላሉ እንደማይነካ ለመረዳት ወደ አንድ እርሻ ጠጋ ብሎ ማየት ይበቃል። የካናዳ ወተት አምራች ላም መግዛት ብቻውን አይበቃውም፤ ወተቱን የመሸጥ መብትም መግዛት አለበት። መብቱ የሚለካው በቀን በሚመረት የወተት ስብ ኪሎ ሲሆን፣ አንድ ኪሎ የሚባለው በግምት የአንዲት ላም የቀን ምርት ነው። በኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት የዚህ የአንድ ኪሎ መብት ዋጋ ጣሪያ 24 ሺህ የካናዳ ዶላር ነው። አንድ መቶ ላም ያለው ገበሬ እንግዲህ መሬቱን፣ በረቱንና ከብቱን ሳንቆጥር በወረቀት መብት ብቻ ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ይዟል፤ ብዙ ጊዜም የባንክ ብድር አለበት። ነገ ገበያው ቢከፈት ያ ወረቀት ዋጋ ያጣል። አብዛኞቹ እርሻዎች የሚገኙት ደግሞ በኩቤክና በኦንታሪዮ፣ ማለትም የፌዴራል ምርጫ በሚወሰንባቸው ሁለቱ ትልልቅ ክፍለ ግዛቶች ነው። በኦታዋ ሊበራሉም ወግ አጥባቂውም ወተት ላይ ሲደርስ ቋንቋው አንድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠቡ አዲስ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ደግሞ ወደ 1930 ይመለስ። በዚያ ዓመት በካናዳ በተደረገው ምርጫ ከኒውዚላንድ የሚገባው ርካሽ ቅቤ ዋና የቅስቀሳ ርእስ ነበር፤ ገበሬውን ከቅቤው አድናለሁ ያለው የሪቻርድ ቤኔት ወግ አጥባቂ ፓርቲም አሸነፈ። ያኔም ቢሆን ሁለቱ የአንድ ዘውድ አገሮች ነበሩ።

የቀረጥ ኮታ ማለት ምን ማለት ነው?

ክሱ በሙሉ የተመሠረተበት ጽንሰ ሐሳብ ይህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ካናዳ እስከ 1995 ድረስ ከውጭ የሚገባውን ወተት በቀጥታ መጠን ትገድብ ነበር። በዚያ ዓመት የዓለም ንግድ ድርጅት ሲቋቋም አባላት እንዲህ ያለውን ክልከላ ወደ ቀረጥ እንዲለውጡ ተስማሙ። ካናዳም ለወጠችው፤ የተመደበው ቀረጥ ግን ከክልከላ የማይሻል ነበር። ለቅቤ 298.5 በመቶ፣ ለአይብ 245.5 በመቶ ነው። አንድ ሺህ ዶላር የሚያወጣ ቅቤ ካናዳ ወደብ ሲደርስ 2,985 ዶላር ቀረጥ ይጨመርበትና 3,985 ዶላር ይሆናል። በዚህ ዋጋ የሚገዛ የለም።

ስለዚህ አንድ ጠባብ በር ይከፈታል፦ የተወሰነ መጠን ያለ ቀረጥ ወይም በዝቅተኛ ቀረጥ ይገባል፤ ከዚያ መጠን በላይ የሆነው ግን ሙሉውን ቀረጥ ይከፍላል። የቀረጥ ኮታ የሚባለው ይህ ነው። በሲፒቲፒፒ ድርድር ካናዳ ለአባል አገሮች 16 እንዲህ ያሉ የወተት ተዋጽኦ ኮታዎችን ሰጠች፤ ሲደመሩ ከዓመታዊ የወተት ምርቷ 3.25 በመቶ ያህል እንደሚሆኑ በጊዜው ተገልጿል። ለዚህና ቀደም ሲል ለአውሮፓ ኅብረት ለሰጠችው ኮታ ማካካሻ እንዲሆን መንግሥት በ2019 ለራሷ ወተት አምራቾች 1.75 ቢሊዮን ዶላር መድቧል።

አንድ ነገር ግን በውሉ ቁጥሮች ውስጥ አይታይም፤ ኮታው ለአገር ይሰጥ እንጂ ዕቃውን የሚያስገባው አንድ ነጋዴ ነው። ነጋዴው ከካናዳ መንግሥት ፈቃድ ካላገኘ የኒውዚላንዱ ላኪ ምንም ማድረግ አይችልም። ዞሮ ዞሮ የኮታው ዋጋ የሚወሰነው ፈቃዱ በማን እጅ እንደገባ ነው።

ታዲያ ካናዳ አጠፋች የተባለው ምኑ ላይ ነው?

ካናዳ የአብዛኞቹን ኮታዎች ሰፊ ድርሻ ለብቻው ለይታ ለአገር ውስጥ የወተት ማቀነባበሪያ ድርጅቶች አስቀመጠች። ማቀነባበሪያዎቹ ራሳቸው ቅቤና አይብ የሚያመርቱ፣ ከውጭ ከሚገባው ምርት ጋር የሚወዳደሩ ናቸው። ቸርቻሪዎች፣ ሱፐርማርኬቶችና ምግብ ቤቶች፣ ማለትም ርካሽ የውጭ አይብ ቢገባ የሚጠቀሙት ሰዎች፣ ከፈቃዱ ውጭ ነበሩ።

በከተሞቻችን የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ዘይትና ስኳር በተመጠነ ዋጋ የሚያድልበትን አሠራር ያስቡ። ኩፖኑ ለነዋሪው መሰጠቱ ቀርቶ ዘይት በውድ ለሚሸጠው ለሰፈሩ ባለ ሱቅ ቢሰጥ ምን ይሆናል? ባለ ሱቁ ኩፖኑን በኪሱ ይዞ ዝም ይላል፤ ሕግ አልጣሰም፤ ኩፖኑም አልተከለከለም፤ ርካሹ ዘይት ግን ወደ ሰፈሩ አይደርስም። የኒውዚላንድ አቤቱታ በአጭሩ ይህ ነበር፦ ኮታው በወረቀት አለ፣ በተግባር አብዛኛው ሳይሞላ ዓመቱ ያልቃል።

ለኒውዚላንድ ጉዳዩን ያጠነከረላት ሲፒቲፒፒ ራሱ ይህን አስቀድሞ መከልከሉ ነው። የስምምነቱ ሁለተኛ ምዕራፍ አባል አገር ኮታ ሲያከፋፍል የድልድሉን ተጠቃሚነት በአቀነባባሪዎች ብቻ መወሰን እንደማይችል፣ አስመጪዎችም ኮታውን ሙሉ በሙሉ መጠቀም በሚያስችላቸው መንገድ መተዳደር እንዳለበት ይደነግጋል። የካናዳ መከራከሪያ «በአቀነባባሪዎች ብቻ አልወሰንኩም፤ ለአከፋፋዮችም ድርሻ አለ» የሚል ነበር። ኒውዚላንድ ደግሞ «ያን ትልቁን ድርሻ ከአቀነባባሪ በቀር ማንም የማይነካው ከሆነ ለእነሱ ብቻ ተወስኗል ማለት ነው» አለች። ከውጭ ሲታይ ክርክሩ የጠበቆች ብልጠት ይመስላል፤ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የተንጠለጠለው ግን በዚህ ላይ ነበር።

አሜሪካም ከካናዳና ከሜክሲኮ ጋር ባላት በሌላው ስምምነት ተመሳሳይ ክስ አቅርባ በጃንዋሪ 2022 ይፋ በሆነ ውሳኔ አሸንፋ ነበር። ኒውዚላንድ የመጀመሪያውን እርምጃ የወሰደችው ከዚያ አራት ወር ያህል ቆይቶ፣ በሜይ 2022 ነው።

ወዳጅ አገር የሚከሰሰው በምን አካሄድ ነው?

በመጀመሪያ ምክክር ይጠየቃል። ይህ በጽሑፍ የሚቀርብ መደበኛ ጥያቄ ሲሆን ሁለቱ ወገኖች ተቀምጠው እንዲነጋገሩ ያስገድዳል። ካልተስማሙ ከሳሿ ሦስት አባላት ያሉት የዳኞች ፓነል እንዲቋቋም ትጠይቃለች፤ ኒውዚላንድ ይህን ያደረገችው በኖቬምበር 2022 ነው። ፓነሉ የሁለቱን ጽሑፍና ቃል ሰምቶ ሪፖርት ያወጣል። የተሸነፈው ወገን አሠራሩን የሚያስተካክልበት ጊዜ ይሰጠዋል። ካላስተካከለ አሸናፊው ያጣውን ጥቅም የሚመጥን የአጸፋ ቀረጥ እንዲጥል ሊፈቀድለት ይችላል። ፖሊስ የለም፣ እስር ቤት የለም፤ ያለው የተፈቀደ አጸፋ ብቻ ነው።

በሲፒቲፒፒ ታሪክ እስከዚህ ደረጃ የደረሰ የመጀመሪያው ክስ ይህ ነበር። በሴፕቴምበር 2023 ይፋ የሆነው ውሳኔ ለአቀነባባሪዎች ተለይቶ የተያዘው ድርሻ ስምምነቱን እንደሚጥስ አረጋገጠ። የአቅርቦት ቁጥጥር ሥርዓቱ ራሱ ግን ለፍርድ አልቀረበም ነበር፤ ኒውዚላንድም «ሥርዓታችሁን አፍርሱ» አላለችም፤ የጠየቀችው «የሰጣችሁኝን በር በእውነት ክፈቱልኝ» ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ብዙ ዘገባዎች ዘለውታል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ የመረጃ ልውውጡም፣ የዓለም ንግድ ድርጅቱ ትብብርም እንደቀጠለ ነበር። ከላይ ይያዝልን ያልነው ነጥብ እዚህ ላይ ይገባል፦ በሕግ መዳኘትን አብረው የሚከራከሩለት አገሮች በሕግ መካሰሳቸው ከአቋማቸው ጋር የሚጋጭ ነገር የለውም። እንዲያውም ትንሿ አገር ትልቋን በቁጣ ወይም በዛቻ ልታንበረክካት ስለማትችል ክሱ የነበራት ብቸኛ መሣሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከፍርዱ በኋላስ?

ካናዳ እስከ ሜይ 1 ቀን 2024 አሠራሯን እንድታስተካክል ጊዜ ተሰጣት። ማሻሻያ አድርጌያለሁ ብትልም ኒውዚላንድ ለውጡ በቂ አይደለም አለች፤ በጁላይ እንደገና ምክክር ጠየቀች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢም ጉዳዩ ወደ ፓነል እንዲመለስ አመለከተች።

እዚህ ላይ ከካናዳ ፓርላማ በኩል አንድ ነገር መጣ። በኩቤክ ብሔርተኛው ፓርቲ በብሎክ ኬቤኳ የቀረበው ሲ-202 የተባለ ሕግ በጁን 2025 ጸደቀ። ሕጉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ወደፊት በሚደረግ ድርድር የወተት፣ የዶሮና የእንቁላል ኮታን እንዳይጨምር፣ ከኮታ በላይ ያለውን ቀረጥም እንዳይቀንስ ይከለክላል። ለውጭ ሰው ሲታይ በሩ የተቆለፈ ይመስላል።

ነገር ግን ሕጉ በጸደቀ ሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ፣ በጁላይ 2025 አጋማሽ፣ ሁለቱ አገሮች መስማማታቸውን አስታወቁ። የተቻለው ስምምነቱ የኮታውንም መጠን የቀረጡንም ልክ ስላልነካ ነው። ካናዳ የተስማማችው በአስተዳደሩ ላይ ነው፦ ጥቅም ላይ ያልዋለ ኮታ በፍጥነት ለሌላ አስመጪ እንዲዛወር፣ ፈቃዱን አላግባብ የሚይዝ አስመጪም እንዲቀጣ። የኒውዚላንድ ንግድ ሚኒስትር ቶድ ማክሌይ ጥቅሙ በዓመት እስከ 157 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ገለጹ። «እስከ» የምትለዋ ግን መዘንጋት የለባትም፤ ቁጥሩ ኮታው በሚገባ ከተሞላ የሚገኘውን ነው የሚያሳየው።

ለኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም መንግሥታት ለሕዝባቸው የሚነግሩት ድል አግኝተዋል፤ ዌሊንግተን ገበያ ተከፈተልን ስትል ኦታዋ አንዲት ኪሎ አልጨመርንም ትላለች፤ ሁለቱም እውነት ነው። የዲፕሎማቶች ሙያ በአብዛኛው እንዲህ ያለውን ቀጭን መተላለፊያ መፈለግ ነው።

ጉዳዩ ለሌላው ምኑ ነው?

ከሁለቱ አገሮች ውጭ ጉዳዩን በቅርብ የሚከታተሉ አሉ። ብሪታንያ በዲሴምበር 2024 ሲፒቲፒፒን ተቀላቅላለች፤ ከዚያ ቀደም ብላ በጃንዋሪ 2024 ከካናዳ ጋር የጀመረችውን የሁለትዮሽ ድርድር በአይብና በበሬ ሥጋ ምክንያት አቋርጣ ነበር። አሜሪካም ከካናዳና ከሜክሲኮ ጋር ያላት ስምምነት በ2026 እንዲገመገም በውሉ ውስጥ ተቀምጧል፤ የካናዳ ወተት ገበያ የዋሽንግተን የቆየ ቅሬታ ነው።

ለኢትዮጵያም ቢሆን ነገሩ ሩቅ አይደለም። አገራችን ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ለመግባት ያመለከተችው በ2003 ሲሆን፣ የአባልነት ድርድር ማለት በየዕቃው ላይ የቀረጥ ጣሪያ ማስቀመጥና ከእያንዳንዱ ፍላጎት ካለው አባል ጋር ገበያን መደራደር ነው። ኢትዮጵያ ገበያዋን ስትከፍትም ሆነ ለቡናዋና ለሰሊጧ ገበያ ስትጠይቅ የተፈረመው ቁጥር አንድ ነገር ነው፤ የማስመጫ ፈቃዱን ማን እንደሚያገኝ፣ በስንት ጊዜ እንደሚታደስና ያልተጠቀመበት ሰው ምን እንደሚሆን የሚደነግገው አንቀጽ ደግሞ ሌላ። ተደራዳሪዎች የድርድር ክፍሉን ለቀው ከመውጣታቸው በፊት ደጋግመው ማንበብ ያለባቸው ይህን ሁለተኛውን ነው።

የካናዳና የኒውዚላንድ ስምምነት መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው በመግለጫ አይደለም። የካናዳ መንግሥት በየኮታው ምን ያህል ፈቃድ ለማን እንደተሰጠና ምን ያህሉ ጥቅም ላይ እንደዋለ መረጃ ያወጣል፤ በሚቀጥሉት ዓመታት መታየት ያለበት የቅቤው፣ የአይቡና የዱቄት ወተቱ መስመር በስንት በመቶ እንደሞላ ነው።